ሰያፍ ጥርስ ያለው ማርሽ በተሸከመ ዘንግ ላይ ኩሽኔታዎች የሚያርፍባቸው ጭነት እንዴት ይሰላል?

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በትራክተር ኃይል የሚሠራ የእህል ወፍጮ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ቶሎ ቶሎ መሰበር ነው። እንደሚታወቀው የትራክተሩ ኃይል ማውጫ ዘንግ፣ ማለትም ፒቲኦ የሚባለው፣ በአብዛኛው በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በመዶሻ የሚፈጭ ወፍጮ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ፍጥነት የሚጨምር የማርሽ ሳጥን ይገባል። በዚህ ሳጥን ውስጥ የሚገኙት ማርሾች ብዙውን ጊዜ ጥርሳቸው ሰያፍ ነው።

ኩሽኔታው ሲሰበር የማኅበሩ መካኒክ የውስጡንና የውጩን ዲያሜትር ለክቶ ተመሳሳይ መጠን ያለው ገዝቶ ይገጥማል። አዲሱ ኩሽኔታም ጥቂት ወራት ሠርቶ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ወፍጮው ይቆማል፤ አባላቱም እህላቸውን በአህያ ጭነው ወደ ሩቅ ወፍጮ ለመሄድ ይገደዳሉ፤ የማኅበሩም የአገልግሎት ገቢ ይቋረጣል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስገነዝብ የምንፈልገው አንድ ዋና ነገር ነው። ሰያፍ ጥርስ ያለው ማርሽ ዘንጉን ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ርዝመቱም ይገፋዋል። ይህንን ግፊት ሳያሰላ ኩሽኔታ የሚመርጥ ሰው የኩሽኔታውን ዕድሜ በብዙ እጥፍ አጋንኖ ይገምታል፤ ወይም ግፊቱን ፈጽሞ የማይችል ኩሽኔታ ይገጥማል። ስሌቱ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው አስቸጋሪ አይደለም። በእጅ ስልክ ላይ ያለው ማስሊያም ይበቃል።

ሰያፍ ጥርስ የሚያመጣው ተጨማሪ ኃይል

ጥርሱ ቀጥ ያለ ማርሽ ከጓደኛው ጋር ሲገናኝ የጥርሱ ወርድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይያያዛል። በዚህም ምክንያት ፍጥነቱ ከፍ ሲል ይጮኻል፤ ይመታልም። ጥርሱ ሰያፍ የሆነ ማርሽ ግን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚያያዝና ብዙ ጥርሶች ጭነቱን ስለሚካፈሉት ጸጥ ብሎ ይሠራል።

ለዚህ ጥቅም የሚከፈል ዋጋ አለ። እንጨት የሚፈልጥ ሽብልቅ ወደ ፊት ሲመታ እንጨቱን ወደ ጎን እንደሚገፋ ሁሉ፣ ሰያፉ ጥርስም ጓደኛውን ሲያዞር ራሱ ወደ ዘንጉ ርዝመት ይገፋል። በመሆኑም በማርሹ ላይ ሦስት ኃይሎች ያርፋሉ። እነርሱም፦

1ኛ. የማዞሪያ ኃይል። ሥራውን የሚሠራው ኃይል ሲሆን፣ በማርሹ ዙሪያ ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ያርፋል።

2ኛ. የመሃል ግፊት። ሁለቱን ማርሾች ለማራራቅ የሚሞክር፣ ከጥርሱ ወደ ዘንጉ መሃል የሚገፋ ኃይል ነው።

3ኛ. የዘንግ ግፊት። ማርሹንና ዘንጉን ወደ አንደኛው ጫፍ የሚገፋ ኃይል ነው። ጥርሱ ቀጥ ባለ ማርሽ ላይ ይህ ኃይል የለም።

መለካት ያለባቸው ነገሮች

ሳጥኑን ከመክፈት በፊት የትራክተሩን ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፉን ነቅሎ መያዝና የፒቲኦውን ዘንግ መፍታት ግዴታ ነው። ከዚያም የሚከተሉትን ለክቶ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል።

ሀ/ ኃይሉ በኪሎዋትና ፍጥነቱ በዙር በደቂቃ። ኃይሉ በፈረስ ጉልበት ከተገለጸ በ0.736 ሲባዛ ወደ ኪሎዋት ይለወጣል።

ለ/ የማርሹ የሥራ ዲያሜትር። ይህ የውጭ ዲያሜትር አይደለም። የሁለቱን ዘንጎች መሃል ለመሃል ርቀት ለክቶ በ2 ማባዛት፣ በማርሹ ጥርሶች ቁጥር ማባዛት፣ ከዚያም በሁለቱ ማርሾች ጥርሶች ድምር ማካፈል ነው።

ሐ/ የጥርሱ ሰያፍነት በዲግሪ። ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ ማርሹን በነጭ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጎ ማንከባለል ነው። ጥርሶቹ የሚተዉት መስመር ከዘንጉ አቅጣጫ ምን ያህል እንዳዘነበለ በፕሮትራክተር ይለካል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ከትክክለኛው ትንሽ ይበልጣል፤ ስህተቱ ግን ወደ ጥንቃቄ የሚያደላ ስለሆነ ጉዳት የለውም።

መ/ ከማርሹ ወርድ መሃል እስከ እያንዳንዱ ኩሽኔታ መሃል ያለው ርቀት።

ለስሌቱ የሚያስፈልጉት ማባዣዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሰያፍነት 10 ዲግሪ፦ ታንጀንት 0.176፣ ኮሳይን 0.985
ሰያፍነት 15 ዲግሪ፦ ታንጀንት 0.268፣ ኮሳይን 0.966
ሰያፍነት 18 ዲግሪ፦ ታንጀንት 0.325፣ ኮሳይን 0.951
ሰያፍነት 20 ዲግሪ፦ ታንጀንት 0.364፣ ኮሳይን 0.940
ሰያፍነት 25 ዲግሪ፦ ታንጀንት 0.466፣ ኮሳይን 0.906
ሰያፍነት 30 ዲግሪ፦ ታንጀንት 0.577፣ ኮሳይን 0.866

ከዚህ ዝርዝር እንደሚታየው ሰያፍነቱ ከ10 ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ቢል የዘንግ ግፊቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ምሳሌ፦ የወፍጮ ማርሽ ሳጥን

ከትራክተሩ ኃይል የሚቀበለውን ዘንግ እንውሰድ። የሚተላለፈው ኃይል 20 ኪሎዋት፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር ነው እንበል። ዘንጉ የተሸከመው ትልቅ ማርሽ 76 ጥርሶች አሉት። ከበላዩ ሆኖ ወፍጮውን የሚያዞረው ትንሽ ማርሽ 19 ጥርሶች አሉት። የዘንጎቹ መሃል ለመሃል ርቀት 150 ሚሊሜትር፣ ሰያፍነቱ 18 ዲግሪ ነው። በትራክተሩ በኩል ያለውን የፊት ኩሽኔታ፣ በወዲያኛው በኩል ያለውን የኋላ ኩሽኔታ እንለዋለን። ማርሹ ከፊት ኩሽኔታ 60፣ ከኋላ ኩሽኔታ 90 ሚሊሜትር ይርቃል። በኩሽኔታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስለዚህ 150 ሚሊሜትር ነው።

የማርሹ የሥራ ዲያሜትር፦ 2 × 150 × 76 ÷ 95 = 240 ሚሊሜትር። ግማሹ 120 ሚሊሜትር፣ ወይም 0.12 ሜትር ነው።

የማጠማዘዝ ኃይል፦ 9550 × 20 ÷ 540 = 354 ኒውተን ሜትር።

የማዞሪያ ኃይል፦ 354 ÷ 0.12 = 2950 ኒውተን።

የመሃል ግፊት፦ 2950 × 0.364 ÷ 0.951 = 1130 ኒውተን ያህል። እዚህ ላይ 0.364 የጥርሱ ጎን የተቀረጸበት የ20 ዲግሪ ታንጀንት ነው። ይህ የጎን ማዕዘን ከሰያፍነቱ የተለየ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ማርሾች ላይ 20 ዲግሪ ነው።

የዘንግ ግፊት፦ 2950 × 0.325 = 960 ኒውተን ያህል። ይህም የ98 ኪሎ ያህል ክብደት ማለት ነው። ዘንጉ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት ወደ አንድ ጫፍ እየገፋው ነው ማለት ነው።

የዘንግ ግፊቱ ወደ የትኛው ጫፍ ነው?

በመጀመሪያ የጥርሱን እጅ መለየት ያስፈልጋል። ማርሹን ዘንጉ ወደ ላይ እንዲቆም አድርጎ ከፊት ሲመለከቱት ጥርሱ ወደ ቀኝ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ የቀኝ፣ ወደ ግራ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ የግራ እጅ ማርሽ ነው። ተገጣጥመው የሚሠሩ ሁለት ማርሾች፣ ዘንጎቻቸው ጎን ለጎን ከሆኑ፣ አንዱ የቀኝ ሌላው የግራ ይሆናሉ።

ቀጥሎ፣ አንቀሳቃሹ የቀኝ እጅ ማርሽ ከሆነ የቀኝ እጃችንን ጣቶች ማርሹ በሚዞርበት አቅጣጫ እናጥፋለን። አውራ ጣታችን የሚያመለክተው የዘንግ ግፊቱን አቅጣጫ ነው። የግራ እጅ ማርሽ ከሆነ በግራ እጅ እንዲሁ እናደርጋለን። በሚነዳው ማርሽ ላይ ያለው ግፊት የዚህ ተቃራኒ ነው።

የትራክተር የኋላ ፒቲኦ ከትራክተሩ ኋላ ቆሞ ወደ ፊት ለሚመለከት ሰው በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል። በምሳሌያችን ትልቁ ማርሽ አንቀሳቃሽ ነው። የቀኝ እጅ ማርሽ ቢሆን አውራ ጣት ወደ ትራክተሩ ያመለክታል፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ ፊት ኩሽኔታ ነው።

ጭነቱን ለሁለቱ ኩሽኔታዎች ማከፋፈል

የማዞሪያ ኃይሉ የሚከፋፈለው ሁለት ሰዎች በሸክም እንጨት ላይ የተንጠለጠለ ጭነት እንደሚካፈሉት ነው። ለጭነቱ የቀረበው ብዙውን ይሸከማል።

የፊት ኩሽኔታ፦ 2950 × 90 ÷ 150 = 1770 ኒውተን
የኋላ ኩሽኔታ፦ 2950 × 60 ÷ 150 = 1180 ኒውተን

የመሃል ግፊቱም በዚሁ መንገድ ይከፋፈላል።

የፊት ኩሽኔታ፦ 1130 × 90 ÷ 150 = 678 ኒውተን
የኋላ ኩሽኔታ፦ 1130 × 60 ÷ 150 = 452 ኒውተን

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይመጣል። የዘንግ ግፊቱ የሚያርፈው በዘንጉ መሃል ሳይሆን በጥርሱ ላይ፣ ከመሃሉ 120 ሚሊሜትር ርቆ ነው። አናቱ ላይ እንደተገፋ ምሰሶ ዘንጉን ሊያዘነብለው ይሞክራል። ይህ የማዘንበል ኃይል በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚያመጣው ጭነት፦

960 × 120 ÷ 150 = 768 ኒውተን ነው።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ማርሹ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል እስከሆነ ድረስ፣ ይህ ቁጥር ግፊቱ በሚሄድበት በኩል ባለው ኩሽኔታ በመሃል ግፊቱ ድርሻ ላይ ይደመራል፤ ከሌላው ላይ ይቀነሳል።

የፊት ኩሽኔታ፦ 678 + 768 = 1446 ኒውተን
የኋላ ኩሽኔታ፦ 452 − 768 = −316 ኒውተን

ውጤቱ ከዜሮ በታች ሆነ ማለት ዘንጉ የኋላውን ኩሽኔታ ወደ ታች መጫኑን ትቶ ወደ ላይ ይጫነዋል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሁለቱ ቁጥሮች በማዕዘን ስለሚገናኙ እንዲሁ አይደመሩም። እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ የድምሩን ዳግም ዘር ማውጣት ያስፈልጋል። በማስሊያው ላይ ይህ አንድ ቁልፍ ነው።

የፊት ኩሽኔታ፦ የ1770 × 1770 + 1446 × 1446 ዳግም ዘር = 2286 ኒውተን
የኋላ ኩሽኔታ፦ የ1180 × 1180 + 316 × 316 ዳግም ዘር = 1222 ኒውተን

ከዚህ በተጨማሪ የፊት ኩሽኔታው 960 ኒውተን የዘንግ ግፊት ይቀበላል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ኩሽኔታ ዘንጉ ወደ ራሱ በኩል እንዳይንሸራተት በሚያግድበት ሳጥን ላይ ነው።

የዘንግ ግፊቱን ዘንግተን ብናሰላ ኖሮ የፊት ኩሽኔታው ጭነት 1895 ኒውተን ብቻ ነው እንል ነበር።

ይህ ልዩነት በዕድሜ ሲለካ

የኩሽኔታ ዕድሜ ስሌት የቆመው ሉንድበርግና ፓልምግረን የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ላይ ነው። ለባለ ኳስ ኩሽኔታ ደንቡ እንዲህ ነው፦ የኩሽኔታው የመሸከም አቅም ለጭነቱ ይካፈላል፤ ውጤቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። የሚገኘው ቁጥር ከመቶ ኩሽኔታዎች ዘጠናዎቹ ሳይሰበሩ የሚደርሱበት የዙር ብዛት በሚሊዮን ነው። ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ጭነቱ በእጥፍ ቢጨምር ዕድሜው ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል።

በምሳሌያችን የፊት ኩሽኔታ ቁጥሩ 6208 የሆነ ባለ ኳስ ነው እንበል። አቅሙን ለጥንቃቄ 30,000 ኒውተን እንያዝ። ኩሽኔታው ሁለት ዓይነት ጭነት ስላለበት፣ ከአምራቾች ሠንጠረዥ በሚገኙ ማባዣዎች ወደ አንድ ጭነት ይለወጣል። በዚህ ሁኔታ 0.56 እና 1.7 ናቸው።

0.56 × 2286 + 1.7 × 960 = 2912 ኒውተን

ወፍጮ እህሉ እኩል ስለማይገባለት ይንገጫገጫል። ስለዚህ በ1.5 እናባዛዋለን፤ 4368 ኒውተን ይሆናል። 30,000 ለ4368 ሲካፈል 6.87፤ ይህ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 324 ሚሊዮን ዙር ነው። በደቂቃ 540 ዙር 10,000 ሰዓት ይሆናል።

የዘንግ ግፊቱን የዘነጋ ሰው ግን በ1895 ኒውተን አስልቶ፣ በ1.5 አባዝቶ፣ 36,000 ሰዓት ያህል ያገኛል። ወፍጮው በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ የሥራው ጊዜ 2,400 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱ ስሌት 15 ዓመት ሲል ሌላው 4 ዓመት ይላል። ማኅበሩ የመለዋወጫ በጀቱን መያዝ ያለበት በሁለተኛው ነው።

አቅጣጫው ሲለወጥ

አንዳንድ ማኅበራት ትራክተሩ ለእርሻ ሲፈለግ ሳጥኑን ከሌላ ሞተር ጋር ያገናኛሉ፤ ወይም የመዶሻዎቹን ሁለተኛ ጠርዝ ለመጠቀም ወፍጮውን ወደ ኋላ ያዞሩታል። አቅጣጫው ሲገለበጥ የዘንግ ግፊቱም ይገለበጣል። ኃይሉና ፍጥነቱ ባይለወጥ እንኳ በምሳሌያችን የፊት ኩሽኔታው ጭነት ወደ 1772 ኒውተን ሲወርድ፣ የኋላው ከ1222 ወደ 1697 ኒውተን ይወጣል፤ 960 ኒውተኑን የዘንግ ግፊትም የሚቀበለው እርሱ ይሆናል። በኋላ በኩል ግፊቱን የማይችል ኩሽኔታ ካለ፣ ሳጥኑ በትራክተር ለዓመታት በደህና ቢሠራም በአዲሱ አቅጣጫ ወዲያው ይበላሻል። ስለዚህ አቅጣጫ ከመለወጥ በፊት ስሌቱን ለሁለቱም ኩሽኔታዎች እንደገና መሥራት ይገባል።

መጠናቸው አንድ፣ ሥራቸው የተለያየ

ቁጥራቸው 6208፣ 7208 እና ኤን ዩ 208 የሆኑ ኩሽኔታዎች ሦስቱም የውስጥ ዲያሜትራቸው 40፣ የውጩ 80፣ ወርዳቸው 18 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ብቻ ለሚለካ ሰው አንድ ናቸው። ሥራቸው ግን ይህን ያህል ይለያያል።

6208፦ ባለ ኳስ ነው። መጠነኛ የዘንግ ግፊት በሁለቱም አቅጣጫ ይችላል።

7208፦ ኳሶቹ በሰያፍ የተቀመጡለት ነው። ከፍ ያለ የዘንግ ግፊት ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ይገጠማል። ፊቱ ተገልብጦ ከተገጠመ ግፊቱን አይዝም።

ኤን ዩ 208፦ ባለ ሲሊንደር ነው። ወደ ታችና ወደ ጎን የሚመጣ ከባድ ጭነት ይሸከማል፤ የውስጡ ቀለበት ግን ከንፈር ስለሌለው ዘንጉ እንዲንሸራተት ይለቀዋል። በምሳሌያችን የፊት ኩሽኔታ ቦታ ቢገጠም ማርሹ ሄዶ የሳጥኑን ግድግዳ ይፍቃል።

በመሆኑም አሮጌው ኩሽኔታ ከመጣሉ በፊት በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ሙሉ ቁጥር፣ ፊደሉ ሳይቀር፣ መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከጠፋ፣ ወይም ቀድሞ የተገጠመው ትክክለኛው ስለመሆኑ ጥርጣሬ ካለ፣ ስሌቱ መልስ ይሰጣል።

ስሌቱ የማይጨምራቸው ነገሮች

ከላይ የተገኘው የ10,000 ሰዓት ዕድሜ ኩሽኔታው ንጹሕ ዘይት ሲያገኝና ቀጥ ብሎ ሲገጠም ብቻ የሚደረስበት ነው። ስሌቱ 10,000 ሰዓት እያለ ኩሽኔታው በ500 ሰዓት ቢሰበር፣ ጥፋቱ የጭነት አይደለም፤ ትልቅ ኩሽኔታ መግዛትም አያድነውም። በዚህ ጊዜ መመርመር የሚገባው የሚከተለው ነው።

1. የዘይት መከላከያው ጎማ አርጅቶ የዱቄት ብናኝ ወይም ውኃ ወደ ሳጥኑ ገብቶ እንደሆነ፤
2. የዘይቱ መጠን ጎድሎ እንደሆነ፤
3. ኩሽኔታው ሲገጠም በመዶሻ ተመትቶ እንደሆነ። ዘንግ ላይ ሲገጠም መገፋት ያለበት የውስጡ ቀለበት ነው፤ የውጩን እየመቱ ማስገባት ኳሶቹ መንገዳቸውን እንዲሰረጉዱ ያደርጋል፤
4. ከትራክተሩ የሚመጣው ባለ መስቀል ዘንግ ከሚገባው በላይ አዘንብሎ እየጎተተ እንደሆነ፤
5. በዘንጉ ጫፍ ላይ ፑሊ ተጨምሮ እንደሆነ። የቀበቶው መጎተት ከላይ በታየው መንገድ ተሰልቶ መደመር አለበት። ከኩሽኔታዎቹ ውጪ የተንጠለጠለ ፑሊ በቅርቡ ባለው ኩሽኔታ ላይ ቀበቶው ከሚጎትተው የበለጠ ጭነት ያመጣል።

ከኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠበቅ

የማርሽ ሳጥን ያለው መሣሪያ በሚገኝበት ማኅበር ሁሉ አንድ የመዝገብ ገጽ እንዲከፈትለት እንመክራለን። በገጹ ላይ የጥርሶቹ ቁጥር፣ የዘንጎቹ ርቀት፣ ሰያፍነቱና እጁ፣ የኩሽኔታዎቹ ሙሉ ቁጥር፣ የመዞሪያው አቅጣጫና የተሠራበት ሰዓት ይጻፍ። መለኪያዎቹ የሚወሰዱት አንድ ጊዜ፣ ሳጥኑ ለጥገና በተከፈተበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታ በተሰበረ ቁጥር የማኅበሩ ኮሚቴ ገጹን ገልጦ፣ የተሠራውን ሰዓት ከተሰላው ዕድሜ ጋር አስተያይቶ፣ ገንዘቡ ለሌላ ዓይነት ኩሽኔታ ወይስ ለዘይትና ለመከላከያ ጎማ ሊውል እንደሚገባ ለመወሰን ይችላል።